በጠራ ሰማይ የተከፈተው የፍሳሽ በር

የሚከተለው ታሪክ ሁለት ነገር ያስረዳል። አንደኛው፣ ቆሻሻውን ከዐይኑ ያራቀ ሰው ከሌላ ሰው ቤት አለመግባቱን ሳያረጋግጥ ቆጠብሁ ብሎ ሊኮራ እንደማይገባው ነው። ሁለተኛው፣ ወንዝን ለማጥራት የተነሣ ሰው የከተማውን አቅም ሳይመዝን «ሁሉም ባንድ ጊዜ ካልሆነ ይቅር» ቢል፣ ምንም ካልሠራው ሰው እንደማይሻል ነው። የምጽፈው በዐይኔ ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን ብቻ ነው።

ከማስተማር ሥራዬ በጡረታ ከተገለልሁ በኋላ የከተማው ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ እንድይዝለት ጠይቆኝ፣ ይህንኑ እሠራ ነበር። በአንድ ማክሰኞ ቀን፣ ከስድስት ሰዓት ጥቂት አለፍ ሲል፣ ወደ ቤቴ ስመለስ የወንዙን ድልድይ እሻገራለሁ። ዝናብ ከጣለ አርባ ሦስት ቀን አልፎታል። ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ጠርቷል። ድልድዩ መካከል ስደርስ ከላይ በኩል ነጭ ነገር ሲወርድ አየሁ።

አረፋ ነበር። ቁመቱ የሰው ወገብ ያህላል። በአንድነት አይመጣም፤ አንዱ ክምር ካለፈ በኋላ ትንሽ ቆይቶ ሌላው ይከተላል፤ ቀብር እንደሚሸኙ ሰዎች ተራ ጠብቀው በዝግታ ያልፋሉ። ድምፅ የላቸውም። ሽታቸው የግማት ሽታ ቢሆን ኖሮ ባልደነገጥሁ ነበር፤ ነገር ግን የሳሙና ሽታ ነው፤ ከሳሙናውም ሥር አንድ የሚጣፍጥ፣ የሞቀ ነገር ይሸታል። በድልድዩ ግርጌ ውሃ የምትጠጣ ውሻ አፏን አነሣችና፣ ሳትጮኽ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ ወደ ኋላ እየተራመደች ከዐይኔ ተሰወረች።

በዚህ ጊዜ የፍሳሹ በር ጠባቂ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከላይ በኩል መጣ። ይህን ሰው ከተማው ሁሉ «ቆጣቢው» ይለዋል። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ሥራ ላይ የቆየ፣ ሱሪውን ራሱ የሚጥፍ፣ ብድር የማያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ ጠባዩ አከብረው ነበር።

«እንደምን ዋሉ መምህር? ጎንበስ ብለው ምን ያያሉ? ከክፍል የጠፋ ተማሪ አለ እንዴ?» አለኝ።

«አረፋ አያለሁ። ዝናብ ሳይኖር ከየት መጣ?»

«ላይ ዘንቦ ይሆናላ።»

«ላይ ያለው የእርስዎ በር ብቻ መሰለኝ።»

ሣቀ። «መምህር ሲባል ነገር ሳይሰነጥቅ አይውል» አለ።

ከድልድዩ ሥር አንዲት ሴት የተሞሉ ጠርሙሶች በሣጥን ይዛ ወጣች። የቆጣቢው የእህት ልጅ ናት፤ ምህንድስና ተምራ ከተመለሰች ስምንት ወሯ ነው፤ ምክር ቤቱም የወንዙን ነገር እንድታጠና ቀጥሯታል።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ» አለችው።

«ደህና ዋልሽ፣ የኔ መሐንዲስ? ወንዙን በጠርሙስ ቀድተሽ ልትጨርሺው ነው?»

«እኔ ሳልጨርሰው የጨረሰው ሌላ ነው።»

«በይ ፀሐይ ላይ ቆመን አንጣላ። መምህር ያስታርቁን፤ ወደኔ ቤት እንግባ» ብሎ ወደ በሩ ቤት ወሰደን።

የበሩ ቤት አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። በመካከሏ አፉ ክብ የሆነ የሲሚንቶ ጉድጓድ አለ፤ ከላይኛው ሰፈር የሚወርደው ፍሳሽ ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል። ከጉድጓዱ የሚያስወጡ መንገዶች ሁለት ናቸው። አንዱ ፍሳሹን ከኮረብታው ጀርባ ወዳሉት የማጣሪያ ኩሬዎች የሚገፋው ፓምፕ ነው። ሁለተኛው ከብረት በር በስተኋላ ያለ ትልቅ ቦይ ነው፤ በታችኛው ሰፈር ቤቶች ሥር አልፎ ወንዙ ላይ ይወጣል። ደንቡ፣ ከባድ ዝናብ ጥሎ ጉድጓዱ ሊያጥለቀልቅ ሲል ብቻ በሩ ይከፈት፤ በሌላው ቀን ሁሉ ፓምፑ ይሥራ ይላል።

ፓምፑ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ነበር። እጄን አሳረፍሁበት፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ከበላዩ፣ ግድግዳው ላይ፣ «ነዳጅ በመቆጠብ ላሳዩት አርአያነት» የሚል የምስክር ወረቀት በመስታወት ተሰቅሏል።

«ፓምፑ የሚሠራው መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ሲያስፈልግ።»

«ዛሬ አላስፈለገም?»

«እርስዎ ከክፍል ሲወጡ መብራት አያጠፉም? ይኸም እንደዚያው ነው። ይህ ፓምፕ በአንድ ቀን የሚጠጣውን ነዳጅ ብነግርዎ እራት አይበሉም። በሩ ግን መዘውሩን ሦስት ዙር ማዞር ብቻ ነው፤ የሚደክመው የኔ ክንድ ነው። ወንዙ እንደሆነ መሄዱ አይቀርም። ሂድ ሳይሉት በሚሄድ ነገር ላይ ጭኖ መላክ ምን ነውር አለው?»

«የት ነው የሚሄደው ጋሼ?» አለች መሐንዲሷ።

«ወደ ታች ነዋ።»

«ታች ማን አለ?»

«ታች... ያው ታች ነው። ባሕር አለ።»

«ከባሕሩ በፊት እናቴ አለች።»

ቆጣቢው እጁን አወናጨፈ። «እናትሽን በየዕረፍት ቀኔ እጠይቃታለሁ። ወለሏ ከኔ ሳህን የጠራ ነው። አንድ ቀን ስታማርር ሰምቻት አላውቅም። ይልቅ መምህር፣ የነሱን ሰፈር ጉድ ልንገርዎ? ስድስት ሰዓት ሲሆን ሰፈሩ በሙሉ እግሩን በርጩማ ላይ ይሰቅላል። ትልቁም ትንሹም። እኔንም እህቴ እግሬን ይዛ ታነሣኛለች። ምነው ስላት ‹ለምዶብን ነው› ትላለች። ይህን ሰፈር ነው እንግዲህ ልጅቱ በሚሊዮን ልታድነው የምትፈልገው።»

«ላድነው ነው፤ አዎ» አለች። «ከነገ ወዲያ ለምክር ቤቱ የማቀርበው ዕቅድ ሁሉን ይቋጨዋል። አዲስ ማጣሪያ ጣቢያ፣ በከተማው ሁሉ አዲስ መስመር። ከዚያ በኋላ ከወንዙ ሰው ጎንበስ ብሎ ይጠጣል።»

«በስንት ዓመት ግብር?»

«በሠላሳ።»

«ሰሙ መምህር? ገና ያልተወለደ ሰው ላይ ግብር ጣለች። ምክር ቤቱ ይህን ሰምቶ እሺ ካለ ጢሜን እላጫለሁ።»

እኔም ወደ እርሷ ዞሬ፣ «ልጄ፣ እምቢ ቢሉሽስ?» አልኋት።

«እምቢ ካሉ ጥፋቱ የነሱ ነው።»

«ጥፋቱ የማን መሆኑ መታወቁ ትንሿን ልጅሽን ያድናታል?»

ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። የአንድ ዓመት ከስድስት ወር ሴት ልጅ አለቻት፤ ቀን ቀን በታችኛው ሰፈር ከአያቷ ጋር ትውላለች፤ በዚህ በጋ ብቻ በተቅማጥ ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ተኝታለች። ሐኪሙ ለሦስተኛ ጊዜ እንዳታመጧት ብሎ የተናገረው በቁጣ ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል። አንዱ ምንም ገንዘብ እንዳይወጣ ሲል ሁሉን ወደ ወንዙ ይለቃል፤ ሌላዋ ሁሉ እንዲጠራ ስትል ማንም የማይፈርመውን ወረቀት ታዘጋጃለች። በሁለቱ መካከል የምትድኸው ሕፃን ናት።

ልንወጣ ስንል የጉድጓዱ አፍ በአንድ በኩል ክርን እንዳረፈበት ተፍቆ አየሁና ምክንያቱን ጠየቅሁ።

«እዚህ ተደግፌ ነው የምጮኸው» አለ ቆጣቢው በኩራት። «የድሮ ደንብ ነው። በሩ ከመከፈቱ በፊት ‹ለቀቅኩ› ተብሎ ሦስት ጊዜ ወደ ቦዩ ይጮኻል፤ የሚጠርግ ሰው ውስጥ ካለ እንዲወጣ። በኔ ዘመን የገባ ሰው የለም፤ ደንብ ግን ደንብ ነው። ተተኪዬንም በኔው ዜማ አስተምሬዋለሁ፤ ስንጮኽ ከውጭ የሰማን ሰው አይለየንም።»

ከደንቡ ሁሉ ሳያጓድል የጠበቀው ይህን ብቻ ነበር።

መሐንዲሷ ሣጥኗን ይዛ ወጣች። እኔ ግን ጠረጴዛው ላይ የተገለጠውን መዝገብ አየሁ። ጽሕፈቱ የሚያምር፣ መሥመሩን የጠበቀ ነው። በሩ የተከፈተበት ምክንያት በየቀኑ ፊት ለፊት ተጽፏል። ከትናንት በስቲያ፦ ዝናብ። ትናንት፦ ዝናብ። ዛሬ፣ ቀለሙ ገና ሳይደርቅ፦ ዝናብ። በመስኮቱ የገባው ፀሐይ ገጹን አልብሶት ነበር።

ቆጣቢው መጥቶ መዝገቡን ቀስ ብሎ ዘጋው። «ለጡረታዬ አንድ ዓመት ነው የቀረኝ መምህር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሐሙስ ምክር ቤቱ በሩ መቼ እንደሚከፈት ይጠይቀኛል። በዝናብ ብቻ እላለሁ። የልጅቱ ዕቅድ ይወድቃል፤ ከተማውም ከዕዳ ይድናል። ማንም አይጎዳም።»

«እንግዲያው አንድ ነገር እለምንዎታለሁ» አልሁት። «ነገ በስድስት ሰዓት በሩን ለተተኪዎ ይተዉለትና እኛ እህትዎ ቤት እንቀመጥ። ተተኪዎ እንደ ወትሮው ይሥራ። ከዚያ በኋላ ሐሙስ የፈለጉትን ይናገሩ፤ እኔም እንዳሉት እጽፋለሁ።»

«ምሳ ካለ ምን ገዶኝ» አለ።

በማግሥቱ ሰማዩ እንደ ማክሰኞው ጠርቶ ነበር። የታችኛው ሰፈር መንገድ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። የየቤቱ ደፍ በሲሚንቶ ከፍ ተደርጓል፤ አልጋዎቹ በጡብ ላይ ቆመዋል። በግድግዳዎቹ ላይ፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ፣ አንድ ጥቁር መሥመር አለ፤ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሳይቋረጥ፣ ከፍታው ሳይለዋወጥ፣ ሰፈሩን ያዳርሳል። አንድ ሰው በማስመሪያ ያሰመረው ይመስል ነበር።

እህቱ ታላቁ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ቀጭን፣ ጥርት ያለች ሴት። በሩን ስትከፍት ደነገጠች።

«አንተ! በሥራ ቀን? ማን ሞተ?»

«ሰው ካልሞተ አልመጣም ነው የምትይው፣ እትዬ?»

«በሥራ ቀን መጥተህ አታውቅማ።» ሰዓቱን አየች፤ ፊቷም ተለወጠ። «አሁን ሂዱ። መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በዕረፍት ቀኑ ይዛችሁት ኑ፤ ምሳ እሠራለሁ።»

«እማዬ፣ ይቀመጥ» አለች ልጇ መሐንዲሷ ከውስጥ።

«አይቀመጥም።»

«ይቀመጥ።»

ሴትዮዋ ሁላችንን በየተራ ተመለከተችና በርጩማዎች አቀረበች። በክፍሉ ጥግ የወለል ማፍሰሻ ቀዳዳ አለ፤ በጨርቅ የተጠቀለለ ድንጋይ ተጭኖበታል፤ በድንጋዩ ላይ ሌላ ድንጋይ አለ።

እስከዚያ ድረስ ሰፈሩ እንደማንኛውም ሰፈር ይንጫጫ ነበር። ቆርቆሮ የሚቀጠቅጥ ሰው አለ፤ ሬዲዮ ይዘፍናል፤ ሁለት ሴቶች ስለ ዋጋ ይከራከራሉ። ለስድስት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው መዶሻው ቆመ። ሬዲዮው ጠፋ። ከሴቶቹ አንዷ የጀመረችውን ቃል እንኳ አልጨረሰችም። በተከፈተው በር ወደ ማዶ ስመለከት አንድ አሮጊት ምንጣፋቸውን ጠቅልለው አልጋ ላይ አኖሩ፤ ራሳቸውም ወጥተው ተቀመጡ፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወለሉን ይጠብቁ ጀመር።

እህቱ ሕፃኗን አልጋ ላይ አወጣቻት፤ ቀጥላም ጎንበስ ብላ የወንድሟን እግር አነሣች።

«አላልኳችሁም?» አለ ቆጣቢው እየሣቀ። ሣቁ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ቀረ።

መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው። ከድንጋዩ ሥር መጣ፤ ከግድግዳውም ውስጥ መጣ፤ ከአልጋውም በታች መጣ። የሸመገለ ሰው ድምፅ ነው፤ የረጠበ፣ የተጎተተ፣ ከሩቅ የተነሣ ሆኖ እግራችን ሥር የደረሰ። «ለቀ...ቅኩ» አለ።

ቆጣቢው ወደ ድንጋዩ ጎንበስ አለ።

«ለቀ...ቅኩ» አለ ደግሞ። ሕፃኗ አላለቀሰችም። ጣቷን ወደ ወለሉ ቀሰረች፤ ከዚያ ቀና ብላ ቆጣቢውን እያየች ጣቷን ወደ እርሱ አዞረች።

ሦስተኛው ጩኸት ሲያበቃ ወለሉ ተነፈሰ። ሌላ ቃል የለኝም። ረጅም፣ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ከድንጋዩ ዙሪያ ወጣ፤ ጨርቁ እብጥ አለ፤ የላይኛው ድንጋይ ተንቀጥቅጦ ወደ ጎን ወደቀ። ቀጥሎ ጥቁር ውሃ፣ ነጭ አረፋ እንደ ዘርፍ ከዙሪያው አስከትሎ፣ በዝግታ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። ከአልጋው ሥር ገባ፤ በደፉ ተከለከለ፤ በግድግዳው ላይ ወጣ ወጣና መሥመሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። በዚያች ሰዓት በሰፈሩ ውስጥ የሕፃን ድምፅ እንኳ አልተሰማም።

«ማነው እሱ?» አለ ቆጣቢው።

«አንተ ነህ» አለች እህቱ።

«እኔ እዚህ ነኝ እኮ።»

«ዛሬ እዚህ ነህ። ድምፁ ግን ያንተ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ያንተ ነው።»

መሐንዲሷ ወደ እናቷ ዞረች። «ልጅ ሳለሁ ነፋስ ነው ትይኝ አልነበር?»

«ምን ልበልሽ? አጎትሽ ከወለል በታች ይጮኻል ልበልሽ?»

«ለምን ለኔ አልነገርሽኝም፣ እትዬ?» አለ።

«ባሌ ሲሞት በምን ደሞዝ ነው ያሳደርከኝ? የዚችን ልጅ ትምህርት ቤት በምን ደሞዝ ከፈልክ? ደግሞ የምትመጣው በዕረፍት ቀንህ ነው፤ የላይኛው ሰፈር ሆቴሎችና ልብስ ማጠቢያዎች ሥራ በሚያቆሙበት ቀን፣ በሩ በማይከፈትበት ቀን። ንጹሕ ልብስ ለብሰህ፣ እየሣቅህ ትገባለህ። ከየት ጀምሬ ልንገርህ?»

ይህች ሴት ዝም ያለችው ከፍቅር የተነሣ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም አላመሰግናትም። የእርሷ ዝምታና የእርሱ መዝገብ አንድ ሥራ ይሠሩ ነበር። እርሱ ደግሞ የሥራውን አንደኛውን ጫፍ ብቻ ይዞ ሃያ ሁለት ዓመት የኖረ ሰው ነው፤ መዘውሩ ያለበትን ጫፍ እንጂ ውሃው የሚደርስበትን አላየም። አለማየቱ ያሳዝናል፤ ያላየውን ነገር «የለም» ብሎ በጥሩ ጽሕፈት መጻፉ ግን ያስጠይቃል።

ውሃው እስኪወርድ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል ተባልን። እግራችንን ሰቅለን ተቀመጥን። ቆጣቢው ወደ መሐንዲሷ ዞሮ፣ «ዕቅድሽን ይዘሻል?» አላት።

ወረቀቱን አልጋው ላይ፣ ከሕፃኗ ጎን ዘረጋችው። ረጅም ጊዜ ተመለከተው።

«ይህ ጣቢያ ለምን ይህን ያህል ተለቀ?»

«ዝናብ ሲጥል የሚመጣውን ሁሉ መያዝ አለበታ።»

«ዝናቡን ማን ነው ወደ ፍሳሹ ያስገባው? የላይኛው ሰፈር የጣራ አሸንዳ ነው። ሆቴሎቹ ሁሉ አሸንዳቸውን ከፍሳሹ ቱቦ ጋር ቀጥለውታል፤ ቤት በቤት ልቆጥርልሽ እችላለሁ። እሱን ቆርጠሽ በራሱ መንገድ ወደ ወንዙ ስደጂው። የጣራ ውሃ ማንንም አይገድልም።»

«እሱ ትንሽ ነገር ነው ጋሼ።»

«ትንሽ? ዝናብ በጣለ ጊዜ ከጉድጓዴ ሲሶው እንኳ ፍሳሽ አይደለም፤ ሌላው የጣራ ውሃ ነው። ደግሞ ከበሩ ቤት ጀርባ የተተወው የጡብ ፋብሪካ ሸክላ ያወጣበት ትልቅ ጉድጓድ አለ። ወለሉ ጭቃ ስለሆነ ውሃ አያሰርግም። ድንገት ብዙ ቢመጣ እዚያ ታቆዪዋለሽ፤ ዝናቡ ሲያባራ ፓምፑ ይጨርሰዋል። በሩ በዓመት አንዴ ቢከፈት ነው።»

መሐንዲሷ እርሳስ አወጣች፤ ነገር ግን አልጻፈችም። «ይህ ግማሽ መንገድ ነው። ፍሳሹ እነዚያ አሮጌ ኩሬዎች ውስጥ ገብቶ ይወጣል፤ ወንዙ ይሻለዋል እንጂ አይድንም። ከዚህ በታች ዓሣ ነበር። እኔ ሳልወለድ የነበረ ዓሣ ነው፤ እማዬ ናት የነገረችኝ። እሱንስ ልተወው?»

«አትተዪው» አልኋት እኔ። «ግን ቅደም ተከተል አብጂለት። አንድ ጽሑፍ መጨረሻው ስላማረ መጀመሪያው አይዘለልም። ዛሬ ይህን ወለል የሚያደርቀው ርካሹ ሥራ ነው፤ እሱ ይቅደም። ዓሣው የሚመለስበት ውድ ሥራ ይከተል፤ ቀኑም ተቆርጦ ይጻፍ። ቀን ያልተቆረጠለት እንደሆነ ጋሼሽ እንደሸፈኑት ፓምፕ ጨርቅ ለብሶ ይቀራል።»

ቆጣቢው አንገቱን ደፋ። እርሷ ግን ታሰላ ጀመር። ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ብዙ ደመረች፣ ብዙ ሰረዘች። በመጨረሻም፣ «የጣራው ውሃ ካልገባ ጣቢያው የዚህን ሲሶ ቢያህል ይበቃል» አለች፤ እንደ መገረም ብላ። «አሸንዳውና ጉድጓዱ በሁለት ዓመት ያልቃሉ። ጣቢያው ከዚያ በኋላ በአሥር ዓመት ይሠራል። ሠላሳ ዓመት ግብር አያስፈልግም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፤ ዝናቡን ላጣራ ነበር።»

«ምክር ቤቱ ይህን አይከለክልም» አልሁ።

«ይከለክላል» አለች። አሁን አጎቷን አታይም ነበር። «መዝገቡ በሩ የሚከፈተው በዝናብ ብቻ ነው፤ በሌላው ጊዜ ፓምፑ ይሠራል ይላል። ለሚሠራ ፓምፕ ማን ተጨማሪ ነዳጅ ይሰጣል? በዝናብ ብቻ ለሚከፈት በር ማን ጉድጓድ ያዘጋጃል? የመጀመሪያው ሥራ መዝገቡ ላይ ነው የቆመው።»

ውሃው መውረድ ጀምሮ ነበር፤ ቀዳዳው ጋ ሲደርስ የመዋጥ ድምፅ ያሰማል፤ ትንሽ ይቆማል፤ ደግሞ ይውጣል። ሁሉ ካለቀ በኋላ ቆጣቢው ከበርጩማው ወርዶ መጥረጊያ ጠየቀ።

«ተው፤ እኔ የለመድኩት ነው» አለች እህቱ።

«ስጪኝ እትዬ» አለ። ወለሉን እስከ ጥጉ ጠርጎ፣ በሦስት ባልዲ ውሃ አጥቦ፣ ሳይሰናበተን ወጣ።

ሐሙስ ምክር ቤቱ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ከመዝገቡ ላይ ጥቂት ገጾች ካነበቡ በኋላ፣ «የበሩ ጠባቂ ይህን ቢያረጋግጡልን እንቀጥላለን። በሩ የሚከፈተው መቼ ነው?» አሉ።

ቆጣቢው ተነሣ። «በየቀኑ ነው። ከዕረፍት ቀኔ በስተቀር» አለ።

«መዝገቡ ዝናብ ይላል።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ። አልዘነበም።»

እንዳለውም ጻፍሁ። አንድ የምክር ቤት አባል፣ «ይሁን፤ ግን ለከተማው ብዙ ነዳጅ አትርፈዋል እኮ» ሲሉ የሚያግዙት መስሏቸው ነበር።

«አላተረፍኩም ጌታዬ» አላቸው። «የነዳጁን የከፈለው የታችኛው ሰፈር ነው። በምን እንደከፈለው ትናንት አይቻለሁ። ካላመኑኝ ነገ በስድስት ሰዓት ሄደው ይቀመጡ፤ እግርዎን ግን ያንሡ።»

ማንም ሄዶ መቀመጥ አልፈለገም። መሐንዲሷ የታረመውን ዕቅድ አቀረበች፤ በሁለት ድምፅ ብልጫ ጸደቀ። ውሳኔው በዚያው ሳምንት ሥራ ጀመረ። ፓምፑ በማግሥቱ ተነሣ። በሁለት ዓመት ውስጥ የላይኛው ሰፈር አሸንዳዎች ከፍሳሹ መስመር ተለዩ፤ የጡብ ፋብሪካው ጉድጓድ ተከለለ፤ በሁለተኛው ዓመት በሩ የተከፈተው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እርሱም በእውነተኛ ዝናብ። ለፓምፑ የወጣው ነዳጅ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን የሰፈሩ ጤና ጣቢያ በተቅማጥ የሚመጡት ሕፃናት ቁጥር ወደ ሩብ መቀነሱን፣ የታችኛው ሰፈር ሰዎችም ለመድኃኒትና ለሆስፒታል ያወጡት የነበረው ከነዳጁ ይበልጥ እንደነበር ለምክር ቤቱ በጽሑፍ አስታወቀ። የመሐንዲሷ ልጅ በአያቷ ቤት ወለል ላይ መራመድ ተማረች። የማጣሪያ ጣቢያው መሠረት በተቆረጠለት ቀን ተጣለ። ዓሣው ገና አልታየም፤ ታይቷል የሚል ሰው ቢኖር አላምነውም።

የበሩን ጠባቂ በተመለከተ ምክር ቤቱ በዚያው ሐሙስ የወሰነውን ቃል በቃል እገለብጣለሁ። ሐሰተኛ መዝገብ ስለያዘና በሩን ከደንብ ውጭ ስለከፈተ ከሥራው ተሰናብቷል። የጡረታ አበሉ በሲሶ ተቀንሷል። ጥፋቱ ተዘርዝሮ ከነስሙ በምክር ቤቱ ደጃፍ ለስድስት ወር እንዲለጠፍ ታዟል። በማግሥቱ ጠዋት ለጥፌዋለሁ። ይግባኝ የሚጠይቅበት ሠላሳ ቀን ተሰጥቶት ነበር፤ አልጠየቀም።